ከላይ የሚለኮሰው የላሜራ ምድጃ፦ ለድስት፣ ለጀበናና ለመጠጥ ውሃ ምን ያህል ያዋጣል?

ይህ ምድጃ እንጀራ አይጋግርም። ይህን አስቀድሞ መናገር የሚገባው ወሎ ውስጥ ስለ አዲስ ምድጃ ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምጣድ ይጣድበታል ወይ?» የሚል ስለሆነ ነው። ነበልባሉ ከአንዲት 8 ሴ.ሜ ቀዳዳ ተሰብስቦ ስለሚወጣ የምጣዱን መሀል ያሳርርና ዳሩን ጥሬ ይተወዋል። ለእንጀራ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ አለ፤ ያለው ቤት አይጣለው። ከላይ የሚለኮሰው ምድጃ ቦታው ድስት፣ ጀበና፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጠጥ ውሃ ማፍላት ነው። በዚህ ሥራ ጉልቻን በብዙ ያስከነዳል። አንድ ኪሎ የደረቀ ጭራሮ ይበላል፣ ጭሱን ራሱ ያቃጥላል፣ ሲጨርስ ከ200 እስከ 250 ግራም ከሰል ያስረክባል። መብራትም ሆነ ማራገቢያ አይፈልግም።

ላሜራ የሚቆርጥና የሚበይድ ማንኛውም ብረት ቤት፣ ደሴም ይሁን ወልዲያ፣ ኮምቦልቻም ይሁን ከሚሴ፣ ሊሠራው ይችላል። ሥራው ከባድ አይደለም። የሚበላሸው ልኬቱ ሳይነገር ሲቀር ነው፤ ሠሪው «ሁለት ጣሳ አንዱ በሌላው ውስጥ» የሚለውን ሰምቶ ቀዳዳውን በግምት ከበሳው፣ የሚወጣው ውድ ዋጋ የተከፈለበት ጭስ ማምረቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚገመገመው ምድጃው ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ብረት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ የምታዩትም ጭምር ነው።

ለምን ከላይ ይለኮሳል?

ተራ ምድጃ ከሥር ይለኮሳል። እሳቱ ወደ ላይ ሲወጣ ከላይ ያለው እንጨት ይሞቅና ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ሳይቃጠል ያመልጣል። ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ጣራውን ጥላሸት የሚያለብሰው እሱ ነው፤ ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ማገዶ ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ጣሳው በጭራሮ ተሞልቶ አናቱ ላይ ይለኮሳል፤ እሳቱ እንደ ጧፍ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ እንጨቱ አይነድም፣ ጋዙን ለቆ ከሰል ይሆናል እንጂ። ጋዙ በላዩ ባለው ፍም ውስጥ አልፎ አፉ ላይ ሲደርስ፣ በሁለቱ ጣሳዎች መካከል ሞቆ የመጣ ሁለተኛ አየር ያገኘውና እዚያ ይቀጣጠላል። ድስቱን የሚያፈላው የእንጨቱ ጋዝ ነው፤ ከሰሉ ግን ይተርፋል።

ሀሳቡን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው ቶማስ ሪድ ጀመረው፤ ኖርዌያዊው ፖል ቬንደልቦም ከእሱ ሳይገናኝ ኡጋንዳ ውስጥ ወደዚያው ደረሰ። የሁለቱም ሥራ ለማንም ክፍት ስለሆነ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር የለም።

ብረት ቤት ስትሄዱ

የሚከተለው ልኬት ከአራት እስከ ስድስት ሰው ላለው ቤት ይበቃል። ማገዶ የሚገባበት ውስጠኛው ጣሳ ስፋቱ 15፣ ቁመቱ 28 ሴ.ሜ ይሁን። ወለሉ ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትር የትራፓኖ ጫፍ 30 ቀዳዳ ይበሳል፤ ይህ የመጀመሪያው አየር መግቢያ ነው። ከላይኛው ጠርዝ 2 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን 24 ቀዳዳ በ12 ሚሊ ሜትር ይበሳል፤ ይህ የሁለተኛው አየር ነው። ሲደመር ከላይ 27፣ ከሥር 8.5 ካሬ ሴ.ሜ ይሆናል፤ የላዩ የታችኛውን ሦስት እጥፍ ያህላል ማለት ነው። ከሁሉም ቁጥር በላይ መጠበቅ ያለበት ይህ ሚዛን ነው። የታችኛው ቀዳዳ ከበዛ እንጨቱ ዝም ብሎ ይነድና ከሰሉ አመድ ይሆናል። የላዩ ካነሰ ጋዙ የሚያቃጥለው አየር ያጣና ድስቱን ጥላሸት ያለብሳል።

ውጭኛው ጣሳ 21 ሴ.ሜ ስፋት፣ 35 ሴ.ሜ ቁመት አለው፤ ውስጠኛው ከላይ በጠርዙ ተንጠልጥሎ ይቀመጥበታል። በሁለቱ መካከል ዙሪያውን 3 ሴ.ሜ፣ ከሥር ደግሞ 7 ሴ.ሜ ክፍተት ይተርፋል። የውጭኛው ግርጌ ላይ ባለ 3 ሴ.ሜ ስምንት ቀዳዳ ይከፈታል። ከውስጠኛው ወለል ሥር እንደ መሳቢያ የሚገፋና የሚሳብ ጠፍጣፋ ላሜራ ይግባ፤ እጀታው በውጭኛው ጣሳ ስንጥቅ በኩል ይውጣ። ብዙ ሠሪዎች «ይቅር» የሚሉት ክፍል ይህ ነው፤ እሺ እንዳትሉ። እሳት መቀነሻው እሱ ብቻ ነው፤ ያለ እሱ ሽሮ ማንተክተክ አይቻልም።

ከአናቱ መሀሉ 8 ሴ.ሜ የተበሳ ክብ ላሜራ ይደፋል፤ ጋዙንና አየሩን አንገት ለአንገት አያይዞ የሚያደባልቃቸው እሱ ነው። በእሱ ላይ 12 ሴ.ሜ ስፋት ያለው አጭር ቱቦ ይቆማል፤ ነበልባሉ ድስቱን ከመንካቱ በፊት ተቃጥሎ የሚጨርስበት ቦታ ነው። የቱቦው ቁመት እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል፤ ወሎ ላይ ቆላና ደጋው አጠገብ ለአጠገብ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባቲ፣ ከሚሴና ቆቦ 1,500 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ 10 ሴ.ሜ ቱቦ ይበቃቸዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የምድጃው መሳብ ይደክማል፤ ለደሴ፣ ለኩታበር፣ ለወገልጤና ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ አድርጉት። ከሚሴ ላይ ደህና የነደደ ምድጃ ደሴ ሲወጣ ቢያጨስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው።

ምድጃው ከነቱቦው ግማሽ ሜትር ያህል ይቆማል፤ አምስት ሊትር ውሃ እዚያ ላይ ሲወጣ ይወዛወዛል። የፈላ ውሃ ሕፃን ላይ መድፋት ከየትኛውም ጭስ የከፋ ነው። ድስቱን ምድጃው እንዳይሸከመው፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ለብቻው ይበየድ፤ እግሮቹ ከግርጌ ቢያንስ 40 ሴ.ሜ ተራርቀው ይቁሙ፣ ምድጃው መሀላቸው ይግባ። በቱቦው አፍና በድስቱ ቂጥ መካከል 2 ሴ.ሜ ክፍተት ይተው። ከዚያ ከጠበበ እሳቱ ይታፈናል፤ ከሰፋ ሙቀቱ በጎን ያመልጣል።

አሁን ስለ ብረቱ። ጥቁር ላሜራ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ይሁን። ቤት የሚከደንበት የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ 420 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ 907 ላይ ይተናል፤ ውስጠኛው ጣሳ ደግሞ ወደዚያ የሚጠጋ ሙቀት ያያል። የዚንክ ጭስ የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል፤ በያጆች ያውቁታል። ርካሽ ነው ተብሎ በቆርቆሮ የተሠራ ውስጠኛ ጣሳ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ለውጭኛው ጣሳ ብቻ ቢሆን ይታለፋል። አሮጌ በርሜል ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ዘይት የነበረበት ይሁን እንጂ የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል በርሜል በፍጹም አይሁን። የበርሜሉ ቀለም እስኪነድ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማቀጣጠያዎች ውጭ ሜዳ ላይ፣ ያለ ድስት ይሁኑ።

የውስጠኛው ጣሳ መገጣጠሚያ የታጠፈና የተቀጠቀጠ ወይም የተበየደ ይሁን። በስታኞ፣ ማለትም ቀልጦ በሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት፣ የተያያዘ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ይፈታል፤ ስታኞው ብዙ ጊዜ እርሳስም አለበት። ጣሳውን አንስታችሁ አፉን ወደ ዓይናችሁ፣ ጎኑን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ እዩት፤ ከተበሱት ቀዳዳዎች ሌላ ብርሃን የሚያሳልፍ ስንጥቅ ካለ ይመለስ። በዚያ ስንጥቅ የሚገባ አየር ከሰሉን ከጎን ይበላዋል። በመጨረሻም ውስጠኛው ጣሳ በመንጠቆ የሚነሳበት ሁለት ጆሮ እንዳለው አረጋግጡ፤ በጋለ ጊዜ አንስቶ መድፋት ግድ ነውና።

ዋጋው በላሜራው ውፍረትና በዕለቱ የብረት ገበያ ስለሚወሰን እዚህ ቁጥር መጻፍ አያዋጣም። ገንዘብ ያጠረው ሰው በትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጠኛውን፣ በቀለም ጣሳ ውጭኛውን ሠርቶ በሚስማርና በመዶሻ ሊሞክረው ይችላል። ያው ልኬት ይሠራል። ስስ ጣሳ ግን ቶሎ ይበሳል፤ ለመማሪያ እንጂ ለዕለት ተዕለት አይሆንም።

ማገዶው

ከዚህ ምድጃ ጋር የተጣላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተጣላው ከማገዶው ጋር ነው። እርጥብ አይወድም። ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ስለሆነ ማገዶ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበላሻል። ከየካቲት በፊትና ከሰኔ በፊት ተቆርጦ ተከትፎ ከጣራ ሥር መግባት አለበት። መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ኪሎ የተከተፈ መዝናችሁ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጡትና እንደገና መዝኑ፤ ከ50 ግራም በላይ ከቀነሰ ገና አልደረቀም ነበር። ሚዛን ከሌለ፣ ሲሰበር «ቀጭ» የማይልና የሚጣመም ጭራሮ አይገባም።

የአውራ ጣት ውፍረት፣ ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተመራጭ ነው። ዋናው ነገር እኩል መሆኑ ነው፤ ወፍራምና ቀጭን ከተደባለቀ እሳቱ በቀጭኑ በኩል ተንሸራቶ ወደ ታች ይወርድና ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል። የበቆሎ ቆረቆንዳ ሦስት ቦታ ተሰብሮ እጅግ ደህና ይነዳል። ቆላው የሚተማመንበት የማሽላ አገዳም ይሆናል፤ ቀላል ስለሆነ ግን ጣሳው ሙሉ ሆኖ ግማሽ ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ በዚያው ልክ እሳቱም ቶሎ ያልቃል። ኩበት በጣት ልክ ተሰባብሮ ይሠራል፣ ግን አመዱ ብዙ ስለሆነ የሥሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ በየጊዜው መጥረግ ይፈልጋል። ጭድ፣ ሰጋቱራና የቡና ገለባ አይገቡም፤ ተጠቅጥቀው አየር ይከለክላሉ። ቅንጭብና ቁልቋልን ደግሞ ደርቀውም ቢሆን አትጠቀሙ፤ ወተታቸው ዓይንና ቆዳ ይጎዳል፣ ጭሳቸውም ያቆስላል።

ማቀጣጠል

ጣሳውን ከላይኛው ቀዳዳ 3 ሴ.ሜ ዝቅ እስኪል ድረስ ሙሉት፤ ሁለት ሦስቴ መሬት ላይ ኳ ኳ አድርጉት እንጂ በእጅ አትጠቅጥቁት። ማገዶው ቀዳዳዎቹን ከሸፈነ ሁለተኛው አየር የለም፣ ያለ እሱ ደግሞ ጭስ ብቻ ነው። ከላዩ አንድ እፍኝ ስስ ስንጥርና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል በትኑ። መሳቢያውን ሙሉ ክፈቱ። እሳቱ አናቱን በሙሉ እንዲይዝ ሦስት አራት ቦታ ለኩሱ፤ አንድ ጥግ ብቻ ከተለኮሰ በዚያው በኩል ይቦረቡራል። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ክቡን ላሜራና ቱቦውን አስቀምጡ። ነበልባሉ ከእንጨቱ ተላቆ ከላይኞቹ ቀዳዳዎች ዙሪያ እንደ አክሊል ሲወጣ ይታያል፤ ያኔ ይጣዳል።

አንድ ኪሎ ማገዶ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይነዳል። ክዳን ያለው ድስት 5 ሊትር ውሃ በ20 እና 25 ደቂቃ መካከል ያፈላል፤ የተረፈው ጊዜ ለሽሮ ይበቃል። ሲፈላ መሳቢያውን እስከ ግማሽ ግፉት፣ ግን ቀስ ብላችሁ። በአንድ ጊዜ ከተዘጋ ነበልባሉ ይጠፋና ቢጫ ነጭ ጭስ ይንቦለቦላል። ያ ጭስ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። ፊታችሁን ሳትሰጡ፣ ከጎን ሆናችሁ በረዥም ስንጥር እሳት አስጠጉለት፤ ቦግ ብሎ ይያዛል።

በመሀል ማገዶ መጨመር አይቻልም። ከላይ የተጨመረ ጥሬ እንጨት ከእሳቱ በላይ ስለሚሆን ጋዙ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ምድጃው ወደ ጉልቻነት ይመለሳል። እውነተኛው ድክመቱ ይህ ነው። ለንፍሮ፣ ለባቄላ፣ ረዥም ሰዓት ለሚፈልግ ሥጋ ከእሱ ይልቅ ከጎን እንጨት የሚገባበት፣ «ትክክል» የሚባለው ምድጃ ይሻላል። ነፋስም አይስማማውም፤ ሜዳ ላይ ከሆነ ከንፋሱ በኩል ከለላ ይቁምለት።

ከሰሉ ሲደርስ

ቢጫው ነበልባል አልቆ ትንንሽ ሰማያዊ እሳት ሲታይ እንጨቱ በሙሉ ከሰል ሆኗል። ከዚያ በኋላ የምታቆዩበት እያንዳንዱ ደቂቃ ከሰሉን አመድ፣ የጣሳውን ወለል ደግሞ ቀይ ያደርገዋል፤ የጣሳ ዕድሜ የሚያጥረውም እዚህ ነው። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በመንጠቆ አንስታችሁ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የብረት ዕቃ ውስጥ ድፉት፣ የክዳኑን ዙሪያ በጭቃ ምረጉት። ወይም ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ጨምሩት፤ ከሰሉ ወደ ውሃው ይሂድ እንጂ ውሃ በጋለው ጣሳ ላይ አይደፋ፣ እንፋሎቱ እጅ ይልጣልና። ለእሳት የሚፈለገው በጭቃ የታፈነው ነው፤ ለማጣሪያና ለማሳ በውሃ የጠፋው ይሻላል። በጭቃ የታፈነው ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ውጭ ተበትኖ ይደር፤ ውስጡ የተደበቀች ፍም ጆንያ ሙሉ ታነዳለች።

ከአቦል እስከ በረካ አንድ ጣሳ አይበቃም። መላው ቀላል ነው፦ ቡናው ተቆልቶ አቦል እስኪወጣ በነበልባሉ፣ ቶናና በረካ ደግሞ ፍሙን ወደ ማንደጃ ገልብጦ። ይህ ግን በረንዳ ላይ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተበት ቤት ይሁን። ምድጃው ነበልባል እያለው ጋዙን ያቃጥላል፤ ፍም ብቻ ሲቀር ግን የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ አይታይም፣ አይሸትም። የደጋው ብርድ ፍሙን መኝታ ቤት እንድታስገቡ ይጋብዛል። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው፤ አንድም ሌሊት አይሞከር።

ውሃው

የዚህ ምድጃ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ጭስ በርካሽ ማገዶ በየቀኑ ውሃ ማፍላት ያስችላል። ለአምስት ሰው መጠጥ በቀን ከ10 እስከ 15 ሊትር ቢሰላ ሁለት ወይም ሦስት ጣሳ ማገዶ ነው።

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ 94። ተቅማጥ የሚያመጡት ጀርሞች 70 ዲግሪ ላይ በአጭር ጊዜ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ከፍታው ማፍላትን ከንቱ አያደርገውም። ሙቀቱ ስለሚያንስ ግን ጊዜ ይጨመራል፦ ከ2,000 ሜትር በታች እየተንተከተከ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ 3 ደቂቃ። ባቲና ከሚሴ አንድ፣ ደሴና ደላንታ ሦስት ማለት ነው። የሚቆጠረው ከድስቱ ግርጌ ትንንሽ አረፋ ሲነሳ ሳይሆን ውሃው በሙሉ ሲገላበጥ ነው። ከፈላ በኋላ በዚያው ድስት ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ ቧንቧ ወዳለው ንጹሕ ባልዲ ወይም ጠባብ አፍ ወዳለው ጀሪካን ይገልበጥ። ኩባያ እየተጠለቀ የሚቀዳ የፈላ ውሃ እስከ ማታ ተመልሶ ይቆሽሻል።

ከሰሉ ደግሞ ማጣሪያ ይሆናል፣ እዚህ ላይ ግን ብዙ የተሳሳተ ተስፋ አለ። ከሰል ሽታ፣ ጣዕም፣ ቀለምና የተወሰኑ ኬሚካሎችን ይይዛል። ጀርምን በአስተማማኝ ሁኔታ አያስቀርም፤ ጨውን፣ ናይትሬትንና ፍሎራይድን አይነካም። እንዲያውም ጥቂት ከቆየ በኋላ ባክቴሪያ ይራባበታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ማጥለል፣ ቀጥሎ በከሰል ማጣራት፣ መጨረሻ ላይ ማፍላት። በማፍላት ፈንታ ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ የምትጨምሩ ከሆነ እሱም ከከሰሉ በኋላ፣ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን። ከከሰሉ በፊት ከተጨመረ ከሰሉ ክሎሪኑን ውጦ ያስቀረዋል፤ ክሎሪን የገባበት መስሏችሁ ያለ ክሎሪን ትጠጣላችሁ።

ለማጣሪያ የሚሆነው የእንጨት ከሰል ብቻ ነው። የኩበት ከሰል አመዱ ብዙ ነው፤ ቀለም የተቀባ ወይም ሙጫ ያለበት ጣውላ ደግሞ መርዙን ውሃው ውስጥ ያስገባል። ደህና የበሰለ ከሰል ሲሰበር ይጮኻል፣ ጣት ላይ ቅባት አይተውም፤ ቡናማና የሚያጣብቅ ከሆነ ጥሬ ነው፣ ወደ ምድጃው ይመለስ። ከሰሉን በጨርቅ ጆንያ ውስጥ ውቀጡና በወንፊት ንፉት፤ ከግማሽ እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ይፈለጋል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡት።

ከግርጌው ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር የምግብ ባልዲ ውሰዱ። ከሥር 5 ሴ.ሜ የታጠበ ጠጠር፣ ከላዩ 3 ሴ.ሜ ሻካራ አሸዋ፣ ከዚያ 20 ሴ.ሜ ከሰል፣ መጨረሻ 3 ሴ.ሜ አሸዋና ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይደረደራል። ስፋቱ 28 ሴ.ሜ በሆነ ባልዲ ይህ 12 ሊትር ያህል ከሰል ይፈልጋል፤ ሲመዘን ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት። በቀን ሁለት ጣሳ የሚያነድ ቤት፣ ተወቅጦ ዱቄት የሚሆነውን ሲቀንስ፣ በአሥር ቀን ገደማ ያጠራቅመዋል።

ቧንቧው ሙሉ አይከፈት። አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ለመሙላት ከ3 ደቂቃ ያላነሰ ይፍጅ፤ ከዚያ ከፈጠነ ውሃው ከከሰሉ ጋር ሳይገናኝ ያልፋል። ደፍርሶ የመጣ የክረምት ውሃ በቀጥታ አይግባበት፤ አንድ ሌሊት በጀሪካን ረግቶ የላይኛው ብቻ ይቀዳ፤ ጭቃ የጠጣ ከሰል በሳምንት ይደፈናል። ሽታው ወይም ጣዕሙ መመለስ ሲጀምር ከሰሉ ጠግቧል። ዓይን የማያያቸውን ነገሮች ግን ምላስ አይለይምና ከዚያ ቀደም ብሎ መለወጥ ይሻላል፤ ከሰሉ በየቀኑ የሚገኝ ሆኖ ሳለ መሰሰት አያስፈልግም።

የተለወጠውም ሆነ የተረፈው ከሰል ማሳ ይገባል። ደረቁን መበተን ግን ስህተት ነው፤ ባዶ ከሰል መጀመሪያ ከአፈሩ ናይትሮጅን ይስባል። ከበሰበሰ ፍግ ጋር ወይም በሽንት ተነክሮ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ለጎመንና ለድንች መደብ ይሁን። አሲዳማ በሆነ የደጋ አፈር ላይ ይረዳል፤ ጨዋማና ነጭ በሆነ የቆላ አፈር ላይ አመድ ያለበት ከሰል ማብዛት ጉዳት አለው። የአንድ ቤት ምድጃ ለጓሮ እንጂ ለጃማና ለወረኢሉ የዋልካ ማሳ አይበቃም፤ ያን ያህል ተስፋ ሰጥቶ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ

«ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ለአጠቃቀም ከዚህ ይቀላል፤ ከሰሉ ግን ይገዛል። ያ ከሰል የሚመጣው በአፈር ከተደፈነ ክምር ነው፤ ከ100 ኪሎ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ይወጣል፣ ጋዙ በሙሉ ጫካ ውስጥ ጭስ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ያው ጋዝ ሽሮውን አብስሎ ከሰሉም በእጅ ይቀራል። «ትክክል» ምድጃ ረዥም ማብሰል ይችላል፣ ማገዶም በመሀል ይቀበላል፤ የሚተወው ግን አመድ ነው። ጭራሮ ከትፎ ለማድረቅ ጊዜ የሌለው፣ ወይም ማገዶውን በየዕለቱ እርጥቡን ከገበያ የሚገዛ ቤት «ትክክል»ን ይውሰድ። የራሱ ባሕር ዛፍ፣ ቆረቆንዳ ወይም አገዳ ያለውና የቧንቧ ውሃ የማያስተማምነው ቤት ይህን ይዘዝ።

ስታዙ ግን ውስጠኛውን ጣሳ ሁለት አድርጉት። አንዱ ሲነድ ሌላው ተሞልቶ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ከሰሉ ሲደፋ ሁለተኛው ተተክቶ ይለኮሳል፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ሥራው ይቀጥላል። ለጥቁር ላሜራ መጀመሪያ የሚበላው ወለሉ ነው፦ በየወሩ በጥፍር ጫሩት፣ እንደ ቅርፊት መነሳት ሲጀምር ወይም ሁለት ቀዳዳ ተገናኝቶ አንድ ሲሆን ወለሉን ብቻ አስቀይሩ። ውጭኛው ጣሳ፣ ቱቦውና መቀመጫው እንዳሉ ያገለግላሉ።